ቴክኖሎጂና ሥልጣን፦ «ኦሮማይ» ከዲስቶፒያ ልቦለድ አንጻር

በዲስቶፒያ ልቦለድ የቴክኖሎጂ አደጋ የሚመነጨው ከመሣሪያው ረቂቅነት ይልቅ በአንድ እጅ ከመያዙ ነው። በጆርጅ ኦርዌል «1984» ቴሌስክሪን ዜጋውን እየሰለለ ይሰብከዋል፤ ዊንስተን ስሚዝም የቆዩ ጋዜጦችን እየከለሰ ያለፈውን ይለውጣል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) በዘውጉ ዲስቶፒያ ባይሆንም ይህንኑ ሐሳብ ያጠናክራል። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት አስመራ ላይ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ ይመራል፤ መሣሪያዎቹም የተለመዱት የመገናኛ ብዙኃን ናቸው። የሚያሰራጨው ቃል ግን ከሚያየው እውነት ጋር ይጋጭበታል።

የመጽሐፉ ዕጣም ከዚሁ የራቀ አይደለም። ያሳተመው የመንግሥቱ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር፤ ከገበያ ያሰበሰበውም መንግሥት ነው። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ተሰወረ፤ መኪናው በአቃቂ መስመር፣ ቃሊቲ አካባቢ ተገኘች። ልቦለዱን ከአንባቢ ለመንጠቅ ቴሌስክሪን አላስፈለገም።