በ1870 የወረዱት ሁለቱ «አቢሲኒያ»ዎች፦ የመርከብ ስሞች፣ የመቅደላ ዘመቻ እና የዋግ ስፍራ

እ.ኤ.አ. በ1870 መጀመሪያ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት ውስጥ፣ «አቢሲኒያ» የሚል ስም የተሰጣቸው ሁለት መርከቦች በብሪታንያ ወደ ውሃ ወረዱ። የመጀመሪያይቱ ፌብሩዋሪ 19 ቀን በለንደን የወረደች የጦር መርከብ ስትሆን፣ ሁለተኛይቱ ማርች 3 ቀን በስኮትላንድ፣ በክላይድ ወንዝ ዳር ለኩናርድ ኩባንያ የተሠራች የመንገደኞች መርከብ ናት። በሁለቱ መካከል፣ ማርች 2 ቀን፣ «መቅደላ» የተባለች ሌላ የጦር መርከብ እዚያው ለንደን ተሠርታ ወረደች። ስሞቹን አንድ ላይ የሚያይ ተመራማሪ ሁሉንም የ1868ቱ ዘመቻ መታሰቢያ አድርጎ ለመቁጠር ይፈተናል። የስም መመሳሰል ግን የምንጭ አንድነትን አያረጋግጥም። እያንዳንዱ ስም በማን፣ ለማንና ለምን እንደ ወጣ ለየብቻው ሊመረመር ይገባል።

የሁለቱ የጦር መርከቦች ጉዳይ ግልጽ ነው። «አቢሲኒያ» እና «መቅደላ» የታዘዙት የቦምቤይን ወደብ እንዲጠብቁ ነበር። በኢትዮጵያ ላይ የዘመተው ጦር አዛዥ ሰር ሮበርት ናፒየር የቦምቤይ ጦር ዋና አዛዥ ነበር፤ ሠራዊቱም ከነስንቁና ከነዝሆኖቹ በብዛት የተነሣው ከዚያው ከሕንድ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (ኤፕሪል 13 ቀን 1868) መቅደላ በተያዘች ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ፤ ናፒየርም «የመቅደላው ባሮን» የሚል ማዕርግ አገኘ። ስለዚህ የአምባዪቱ ስም በመጀመሪያ ከአንድ ጄኔራል ማዕርግ ጋር፣ ቀጥሎም ከአንድ የመርከብ ቀፎ ጋር ተያያዘ። ከእነዚህ ስሞች መካከል ዋግ የለም።

ዋግ ባይጠራም በታሪኩ ውስጥ ግን አለ። ዘመቻው ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፌ፣ በአዲግራትና በእንጣሎ፣ ከዚያም አሸንጌን አልፎ በላስታ ተራሮች በኩል ወደ ዋድላና ደላንታ ወረደ። ሰቆጣ ከመንገዱ በስተምዕራብ ቀርታለች፤ ነገር ግን ከአሸንጌ በስተደቡብ ባለው አገር ከፍተኛ ተሰሚነት የነበራቸው የሰቆጣው ጌታ ዋግሹም ጎበዜ ነበሩ። አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በቴዎድሮስ ትእዛዝ ተገድለዋል፤ እርሳቸውም ከብዙ ዓመት ጀምሮ ሸፍተው ነበር። ለእንግሊዞች ብለው አልተዋጉም፣ መንገዳቸውንም አልዘጉባቸውም። ይህ ዝምታ እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም። በጠባብ የተራራ መተላለፊያ በረጅም ሰልፍ የሚጓዝ፣ እህልና ሣር ከባላገሩ በማርትሬዛ ብር የሚገዛ ሠራዊት፣ የአገሩ ገዥ ቢከፋበት ኖሮ ወደ በሽሎ መድረሱ እጅግ አጠራጣሪ ይሆን ነበር።

ዋጋውን ማን እንዳገኘም መታየት አለበት። ናፒየር ሲመለስ መድፎችንና ጠመንጃዎችን የሰጠው ለትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ነው። ጎበዜ ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ የዋግሹሞች ቤት ራሱን ከዛግዌ ነገሥታት የሚያወርድ ስለሆነ ንግሡ ለሰቆጣ የጥንት ዙፋን መመለስ ነበር። ሆኖም በሐምሌ 1863 ዓ.ም. (1871) ከዐድዋ አጠገብ፣ አሳም ላይ፣ በቁጥር ባነሰ ነገር ግን በመሣሪያ በበለጠ የካሣ ጦር ድል ሆነው ተማረኩ። ያ ዓመት «መቅደላ» ጊዜያዊ ምሰሶና ሸራ ተተክሎላት ከብሪታንያ ተጉዛ ቦምቤይ የገባችበት ጊዜ ነው።

የመርከቦቹ አገልግሎት ከስማቸው ያነሰ ነበር። እያንዳንዳቸው በሁለት ተሽከርካሪ ማማዎች ውስጥ አራት ከባድ መድፎች ነበሯቸው፤ ወለላቸው ለውሃ የቀረበ በመሆኑ ለወደብ እንጂ ለውቅያኖስ አልተመቹም። ለተኩስ ልምምድ ካልሆነ በቀር ከቦምቤይ ብዙም አልራቁም፤ በጠላት ላይም አልተኮሱም። «አቢሲኒያ» በ1903፣ «መቅደላ» በ1904 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ። የ«መቅደላ» እኅት «ሰርበረስ» ግን፣ በ1926 እንደ ማዕበል መከላከያ ከሜልበርን አጠገብ እንድትሰጥም ስለተደረገች፣ ቀፎዋ እስከ ዘመናችን ይታያል፤ የ«መቅደላ»ን ቅርጽ ማየት የሚሻ አጥኚ አውስትራሊያ መሄድ ይኖርበታል።

የኩናርዷ «አቢሲኒያ» ግን የተለየች ናት። ኩባንያው «አልጄሪያ»፣ «ፓርቲያ»፣ «ባታቪያ» እያለ በ«ያ» የሚጨርሱ የአገር ስሞችን የመስጠት ልማድ ነበረው። ዘመቻው ስሙን በለንደን ጋዜጦች አስለምዶት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ለምርጫው የኩባንያው ልማድ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ይህች መርከብ በ1887 ለካናዳ ፓስፊክ የባቡር ኩባንያ ተከራይታ፣ ሻይና ሐር ጭና ከእስያ ቫንኩቨር ገባች። በዲሴምበር 1891 ከኒው ዮርክ ወደ ሊቨርፑል ስትጓዝ በአትላንቲክ ላይ በእሳት ጠፋች፤ ተሳፋሪዎቿንና ሠራተኞቿን በሙሉ «ስፕሬ» የተባለች የጀርመን መርከብ አዳነቻቸው። ጀርመኖችም በ1900 የተሠራች የራሳቸው «አቢሲኒያ» ነበረቻቸው፤ እርሷ በ1921 በሰሜን እንግሊዝ ከፋርን ደሴቶች ዓለት ጋር ተላትማ ቀረች። ዛሬ በአብዛኛው የሚያውቋት ጠላቂ ዋናተኞች ናቸው።

እነዚህ ሁሉ ስሞች በባዕድ አፍ የተሰጡ ናቸው፤ «አቢሲኒያ» የሚለው ቃል ራሱ አገሪቱ በይፋ የምትጠራበት አይደለም። «ኢትዮጵያ» የሚለውም ቢሆን አስቀድሞ በባዕድ መርከብ ላይ ተጽፏል፤ የግላስጎው አንከር ኩባንያ በ1873 በዚህ ስም የአትላንቲክ መርከብ አሠርቷል። ስሙን ለራሷ መርከብ የሰጠችው ግን አገሪቱ ናት። በ1962 ከአሜሪካ የተገኘችውና ቀድሞ «ኦርካ» ትባል የነበረችው መርከብ «ኢትዮጵያ» ተብላ የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብና ማሠልጠኛ ሆነች፤ የደጋ ልጆችም መርከበኛነትን የተማሩት በእርሷ ላይ ነው። በ1991 የምጽዋና የአሰብ ዘመን ሲያበቃ ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።