በብሽሽት ስለሚወጣ እብጠት

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላቀርብላችሁ የመረጥሁት ርእስ ለመናገር የሚያሳፍር፥ ለማወቅ ግን እጅግ የሚጠቅም ነው። ይኸውም ቡአ ነው።

ቡአ ማለት የሆድ ግድግዳ በሳሳበት በኩል አንጀት ወይም ሞራ ገፍቶ በብሽሽት ሲወጣ የሚታየው እብጠት ነው። ከባድ ሸክም፥ የቆየ ሳልና በሆድ ድርቀት ማማጥ የሆድን ግፊት ስለሚጨምሩ ያባብሱታል። ከሴት ይልቅ በወንድ ይበዛል። ስለዚህ በወልቂጤና በቡታጅራ ገበያ ጆንያ ለሚሸከሙ፥ በየጓሮው እንሰት ለሚነቅሉ አባቶቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሲያስሉ ይወጣል፤ ሲጋደሙ ይመለሳል፤ ሐኪምም በቀዶ ጥገና ይጠግነዋል።

ነገር ግን በብሽሽት ያበጠ ሁሉ ቡአ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ነቀርሳ ከበስተኋላው ተሸሽጎ ይገኛል። መንገዱም ሦስት ነው።

1ኛ/ በሆድ ውስጥ የተነሣ ነቀርሳ ውሃ እንዲቋጠር ያደርጋል፤ ግፊቱም ቡአውን ያወጣዋል።
2ኛ/ ነቀርሳ የያዘው አንጀት ራሱ ወደ ቡአው ከረጢት ይወርዳል፤ ወይም ነቀርሳው ተሠራጭቶ በከረጢቱ ላይ ይበቅላል።
3ኛ/ ከውስጥ እግር ቆዳ ወይም ከብልት የተነሣ ነቀርሳ የብሽሽትን ዕጢዎች ያሳብጣል፤ ይህም ንፍፊት ቡአ ይመስላል።

ይህ ጥቂት ሰው የሚያጋጥመው ነው። 200 የቡአ ከረጢቶች ቢመረመሩ ነቀርሳ በ1 እንኳ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ቡአ ያለበት ሁሉ ሊደነግጥ አይገባም፤ ምልክቱን ግን ይወቅ። እብጠቱ ቢጠጥር፥ ሲጋደሙ ባይመለስ፥ በሽማግሌ ሰው ላይ በድንገት ቢወጣ፥ ከእርሱም ጋራ ክሳት፥ በሰገራ ደም ወይም የሆድ መነፋት ቢኖር ሌላ ምርመራ ያሻል። እብጠቱ በድንገት ቢያምና ቢያስመልስ ግን አንጀቱ ታንቆ ይሆናልና በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ቀዶ ጥገና የሚያደርገው ሐኪም ከረጢቱ ወፍሮ ወይም ጓጉሎ ቢያገኘው ቁራጭ ወስዶ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይልካል። ነገር ግን ሐኪም ሁሉን በዓይኑ አያይም። እኔ እንደ ተረዳሁት ትልቁ ችግር ይህ ነው፤ በሽተኛው እብጠቱን ያሳያል፥ በሰገራው ያየውን ደም ግን «ከዚህ ጋራ ምን አገናኘው?» ብሎ ወይም አፍሮ ይደብቃል። የተሸሸገውን በሽታ የሚገልጠው ግን ያው የተደበቀው ነገር ነው።

ወልቂጤም ቡታጅራም ሆስፒታል አላቸው፤ በአዲስ አበባም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነቀርሳ ሕክምና ይሰጣል። እንግዲህ ጓደኞቼ፥ አባቶቻችንን በአክብሮት እንጠይቅ፤ ሁሉንም ለሐኪም እንዲነግሩ እንምከራቸው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት በከንቱ አይደለም።