የልብ ድካም በሽተኛን በቤት ስለ ማስታመምና ስለ መሣሪያዎች እርዳታ

ከሆስፒታል ወጥቶ በቤቱ በማገገም ላይ ያለ ሰው ጥቂት ቀን ቆይቶ ፊቱ ሞላ፣ ቀለበቱ ጠበብ፣ ጫማውም አልገባ ሲል ያየው ዘመድ ሁሉ «እሰይ፣ ተመችቶሃል፣ ወፈር አልህ» ይለዋል። በአገራችን ክብደት መጨመር የጤንነትና የድሎት ምልክት ሆኖ ስለሚቆጠር ይህ አነጋገር ከበጎ አሳብ የመነጨ ነው። በሽተኛው የልብ ድካም ያለበት የሆነ እንደ ሆነ ግን ደስታው አሳሳች ነው፤ በጥቂት ቀን ውስጥ የጨመረው ሥጋ ሳይሆን ውኃ ነውና። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ከሳምንት በኋላ በሌሊት ጋደም ማለት አቅቶት፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ በሰው ትከሻ ተደግፎ ወደ ወጣበት ሆስፒታል ይመለሳል። ይህ አደጋ መምጣቱን ቀደም ብሎ የሚናገር መሣሪያ አለ፤ እርሱም የሰውነት መመዘኛ ሚዛን ነው።

የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት አይደለም። ልብ ደምን ወደ መላ አካላት የሚገፋ ጡንቻ ሲሆን፣ በደም ግፊት ብዛት፣ ወይም በልጅነት የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ በሚመጣው የሩማቲክ በሽታ በሮቹ ተበላሽተው፣ ወይም በሌላ ሕመም ኀይሉ ሲቀንስ ለሰውነት የሚበቃውን ያህል ደም መግፋት ይሳነዋል። ኩላሊቶችም የሚደርሳቸው ደም ስለሚያንስ ሰውነት ውኃ የጐደለው ይመስል ጨውንና ውኃን ከማስወጣት ይልቅ ይዘው ያስቀራሉ። የተጠራቀመውም ውኃ በእግር፣ በሆድና፣ ከሁሉ በከፋ ሁኔታ፣ በሳንባ ውስጥ ይተኛል። በኢትዮጵያና በሌሎች ስምንት የአፍሪካ አገሮች በዚህ በሽታ ሆስፒታል በገቡ 1,006 ሰዎች ላይ ተደርጎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 በታተመ ጥናት (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የበሽተኞቹ አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ በሽታ በአብዛኛው የሽማግሌዎች በሽታ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ገና ልጆቹን በማሳደግ ላይ ያለውን አባት፣ ገበያ ውላ የምትገባውንም እናት ይይዛል። ስለዚህ በቤት የሚደረገው ማስታመም የቤተ ሰቡ ሁሉ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። እግርን በጣት ሲጫኑት ጐድጐድ ብሎ የሚቀረው እብጠት ለዓይን እስኪታይ ድረስ በሰውነት ውስጥ ብዙ ሊትር ውኃ ሊጠራቀም ይችላል፤ ሚዛን ግን ስለ መጀመሪያው ሊትር ይናገራል። በ2007 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ በልብ ድካም ምክንያት ሆስፒታል የገቡ ሰዎች ክብደታቸው መጨመር የጀመረው ከመግባታቸው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነበር። እንግዲህ አስታማሚው ሚዛኑን በየዕለቱ ያነበበ እንደ ሆነ የአንድ ሳምንት ያህል ጊዜ በእጁ ሊኖር ይችላል፤ ካላነበበ ግን ያንኑ ሳምንት «ተመችቶሃል» እያለ ያሳልፈዋል።

አመዛዘኑ ሥርዐት ይፈልጋል። በውጭ አገር በተማርንበት ሆስፒታል የልብ በሽተኞች በየማለዳው ከቁርስ በፊት ይመዘኑ ነበር፤ ነርሷም የለበሱት ልብስ እንደ ትናንቱ መሆኑን ሳትመለከት ቁጥሩን አትጽፍም ነበር። በቤትም እንዲሁ ይሁን። በሽተኛው ጧት ተነሥቶ፣ ሽንቱን ሸንቶ፣ እህልም ቡናም ሳይቀምስ፣ በባዶ እግሩ፣ በየቀኑ በአንድ ዓይነት ቀላል ልብስ ይመዘን። ጋቢ ለብሶ መመዘን ፈጽሞ አይገባም፤ ጋቢ ብቻውን ከአንድ ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ በብርድ ጧት ተለብሶ በማግስቱ ቢወልቅ ቁጥሩ ሁሉ ይበላሻል። ሚዛኑም በምንጣፍ ወይም በሰሌን ላይ ሳይሆን በጠንካራ ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ወለሉ አፈር ከሆነ ለጥ ያለ ሳንቃ ከሥሩ ይደረግለትና ከቦታው አይነሣ። በመንገድ ዳር ሳንቲም እየተቀበሉ የሚመዝኑት ልጆች የያዙት ሚዛን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሰው በዚያ የሚመዘነው ጫማና ኮት አድርጎ፣ ምሳም በልቶ፣ ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው ሚዛን ስለ ሆነ ነው። ሚዛን ለብቻው መግዛት የከበደው ቤተ ሰብ ከጎረቤት ጋር ተጋርቶ ቢገዛ መልካም ነው።

ቁጥሩ በቃል አይያዝም፤ ከቀኑ ጋር በደብተር ይጻፋል። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እብጠቱ ወርዶ ከሆስፒታል የወጣበት ክብደት ይጻፍ፤ ቤት እንደ ደረሰም በማግስቱ ጧት በቤቱ ሚዛን ተመዝኖ ያም ቁጥር ከጎኑ ይቀመጥ፤ ሁለት ሚዛኖች ሁልጊዜ አይስማሙምና። ከዚያ ወዲያ ሐኪሞች በብዙ አገር የሚሠሩበት ደንብ ይህ ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ክብደቱ ከ2 ኪሎ በላይ የጨመረ እንደ ሆነ ለሚያክመው ሰው በዚያው ዕለት መነገር አለበት። ለምሳሌ ሰኞ 58 ኪሎ፣ ማክሰኞ 58 ከግማሽ፣ ረቡዕ 59 ከግማሽ፣ ሐሙስ 60 ከግማሽ ሆኖ ቢገኝ፣ በሽተኛው «ምንም አይሰማኝም» ቢልም እንኳ ዐርብን መጠበቅ አይገባም። አስታማሚውም በዚያኑ ሰዓት ምክንያቱን ይመርምር። ውኃ የሚያስወጣው ኪኒን፣ ብዙ ሰው ላሲክስ ብሎ የሚያውቀው፣ በጾም ወይም በመንገድ ምክንያት ታልፎ ይሆን? በርበሬውና ሚጥሚጣው ሲዘጋጅ ጨው የገባበት ሆኖ ሳለ በወጡ ላይ ሌላ ጨው ተጨምሮ ይሆን? ለጉልበት ሕመም ተብሎ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ተወስዶ ይሆን? እነዚህ የሕመም ማስታገሻዎች ውኃ በሰውነት እንዲቀር ያደርጋሉና። የኪኒኑን ብዛት በራስ ፈቃድ መጨመር ግን አይገባም፤ ሐኪሙ ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚሆን ትእዛዝ አስቀድሞ በደብተሩ ላይ ጽፎ ከሆነ ብቻ እርሱን መፈጸም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ብዙ ሰው መሣሪያ ከተገዛ በሽተኛው የተጠበቀ ይመስለዋል። ቁጥሩ ወደ ማን ይሄዳል? በ2010 የታተመ በአሜሪካ የተደረገ ጥናት 1,653 የልብ ድካም በሽተኞችን ይዞ ነበር። እኩሌቶቹ በየቀኑ ወደ አንድ ቁጥር ስልክ ይደውላሉ፤ የተቀዳ ድምፅ ስለ ክብደታቸውና ስለ ሕመማቸው ይጠይቃቸዋል፤ እነርሱም የስልኩን ቁጥሮች እየተጫኑ ይመልሳሉ። ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ፣ ከሞቱትና እንደገና ሆስፒታል ከገቡት ብዛት አንጻር ከሌሎቹ ልዩነት አልነበራቸውም፤ በአንዱ ወገን ከመቶ 52.3፣ በሌላው ከመቶ 51.5 ነበር። ከመቶ 14 ያህሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልደወሉም፤ የቀሩትም እየሰለቹ ሄዱ። በእኛ አስተያየት ይህ ሊያስደንቅ አይገባም፤ መልስ የማይሰጥ ድምፅ በየጧቱ ቢጠይቅ ማን አይሰለችም?

በጀርመን አገር የተደረገው ግን ሌላ ነው። በ2018 በታተመው በዚህ ጥናት ከ1,500 በላይ በሽተኞች የተካፈሉ ሲሆን፣ እኩሌቶቹ ክብደታቸውን፣ የደም ግፊታቸውን፣ የልባቸውን ምትና የደማቸውን ኦክሲጅን በየቀኑ ከቤታቸው በርሊን ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ይልኩ ነበር። በዚያም ሐኪሞችና ነርሶች ሌሊትና ቀን ተቀምጠው ይቀበላሉ፤ ቁጥሩ ከተለወጠም ለበሽተኛው ይደውላሉ፣ መድኀኒቱን ይለውጣሉ፤ ነርሷም በየወሩ በስልክ ታነጋግረው ነበር። በዓመት ውስጥ ከመቶ ሰው እንደ ተለመደው ከታከሙት 11.3፣ በዚህ ዓይነት ከተጠበቁት 7.9 ያህል ሞቱ። ሁለቱም ጥናቶች በስልክ የሚላክ ቁጥር ነበራቸው፤ ትልቁ ልዩነት ግን ቁጥሩን በዚያው ዕለት ተቀብሎ ለማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰው መኖሩ ነው ብለን እናምናለን። ይልቁንም በ1995 በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ዕድሜያቸው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ 282 በሽተኞች ላይ የታየው ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል፤ በዚያ አንዲት ነርስ በሽተኞቹን ስለ ጨውና ስለ መድኀኒት አስተምራ፣ በቤታቸውም በስልክም ተከታትላ፣ በ90 ቀን ውስጥ ወደ ሆስፒታል መመለሱ እንዲህ ያለ እርዳታ ባላገኙት ዘንድ 94 ጊዜ ሲሆን በእርሷ ሥር በነበሩት 53 ጊዜ ብቻ ሆነ።

ስለዚህ በሽተኛው ከሆስፒታል ሳይወጣ ቤተ ሰቡ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ክብደቱ ቢጨምር ለማን እንደውል? በስንት ሰዓት? እርሱ ባይገኝስ?» የሚል ነው። መልሱ በደብተሩ ሽፋን ላይ በጕልህ ይጻፍ። የእጅ ስልክ ያለው ሰው ደብተሩን ፎቶግራፍ አንሥቶ መላክ ይችላል፤ ስልኩ ተራ ከሆነ በአጭር መልእክት የሦስቱን ቀን ቁጥር ብቻ መጻፍ ይበቃል። በገጠር ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በደብተሩ ያለውን አይታ ለጤና ጣቢያው ብትደውል፣ በሽተኛው በበቅሎ ወይም በቃሬዛ ከሚጓዘው መንገድ ብዙውን ታድነዋለች።

ስለ ሌሎቹ መሣሪያዎች ጥቂት እንበል። በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆችና ዘመዶች የደም ግፊት መለኪያና በጣት ጫፍ ላይ የምትሰካ የኦክሲጅን መለኪያ መላካቸው የተለመደ ሆኗል፤ ስጦታው መልካም ነው፣ ነገር ግን ምን እንላክ ብለው የጠየቁ እንደ ሆነ በመጀመሪያ ሚዛን ቢሏቸው እንመርጣለን። የደም ግፊት የሚለካው አምስት ደቂቃ ያህል በጸጥታ ተቀምጦ፣ እግር ሳይነባበር፣ ክንድ በልብ ትክክል በጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ነው፤ ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መለካት ዋጋ የለውም። የኦክሲጅን መለኪያዋ ግን ይበልጥ ታሳስታለች። ጣት ሲቀዘቅዝ ወይም ጥፍር ቀለም ሲቀባ ቁጥሩ ይዛባል፤ በ2020 መጨረሻ በአሜሪካ የታተመ ጥናትም ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጋ የምታሳይበት ጊዜ እንደሚበዛ ገልጿል። በሌላ በኩል እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ የጤነኛውም ሰው ቁጥር በባሕር ዳርቻ ካለው ሰው ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከመሣሪያው ጋር በመጣው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ልክ ሳይሆን፣ ሐኪሙ ለዚያ በሽተኛ ለይቶ የሚነግረውን ልክ መያዝ ይገባል። በሀብታም አገሮች ደግሞ ወደ ሳንባ በሚሄደው የደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥና የደሙን ግፊት ከቤት ሆኖ ለሐኪም የሚልክ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ በአሜሪካ በ2014 ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን ከብዙ ቤተ ሰብ አቅም በላይ ነው።

ሚዛንም ቢሆን ሁሉን አያውቅም። ለብዙ ጊዜ የታመመ ሰው ሥጋው እየከሳ ውኃው ሲጨምር ቁጥሩ ባለበት ሊቆም ይችላል። ክብደቱ በፍጥነት ቀንሶ በሽተኛው ሲነሣ የሚያዞረው ከሆነም ውኃው ከመጠን በላይ ወጥቶ ይሆናልና ይህም ይነገር። በሁለት ትራስ ይተኛ የነበረ ሰው ሦስተኛ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ በሌሊት ትንፋሽ አጥሮት እየባነነ የሚቀመጥ፣ ጋደም ሲል የሚያስለው ከሆነ፣ የትራሱ ቁጥር ከሚዛኑ ቁጥር ጋር በደብተሩ ይጻፍና በዚያው ቀን ይነገር። ተቀምጦም ሳለ ትንፋሽ ያጠረው፣ ሮዝ አረፋ ያለበት አክታ የሚተፋ፣ ደረቱን አጥብቆ የሚያመው፣ ራሱን የሳተ ወይም አእምሮው የተደናገረ ሰው ግን ሚዛን ላይ አይወጣም፣ ስልክም ተደውሎ መልስ አይጠበቅለትም፤ ከፍ አድርጎ አስቀምጦ በቶሎ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።

የሚዛኑን ትክክለኛነት ለመፈተን 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ውኃ እስከ አፉ ሞልቶ በወር አንድ ጊዜ መመዘን ይበቃል። ከጀሪካኑ ጋር ከ20 ኪሎ ጥቂት ከፍ ብሎ መገኘት አለበት፤ በየወሩም ያው ጀሪካን ያንኑ ቁጥር ካልሰጠ፣ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ባትሪው ይለወጥ፣ መርፌ ያለው ከሆነ ባዶውን ሳለ ዜሮ ላይ እስኪቆም ድረስ ይስተካከል፤ ሚዛኑ የተስተካከለበትም ቀን በደብተሩ ላይ ይመልከት።