ክንፉን ከመቁረጥህ በፊት

ልጄ፣ በገዛ እጅህ የሠራሃትን የሪሞት አውሮፕላን ክንፍ ልትቀይር ማሰብህን ስሰማ ደስ አለኝ። ቢላዋውን ከማንሳትህ በፊት ግን፣ በአዲስ አበባ ሰማይ ሥር ብዙ የባልሳ እንጨት ሰባብሬ የተማርኩትን ልንገርህ።

1. አስቀድመህ መዝናት። ባትሪዋንና ሰርቮዎቿን (መሪዎቿን የሚያንቀሳቅሱትን ትንንሽ ሞተሮች) ሁሉ እንደያዘች በወጥ ቤት ሚዛን ላይ አውጣት። ክንፉ 150 በ20 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷም 1,200 ግራም ቢሆን፣ እያንዳንዱ 100 ካሬ ሳንቲ ሜትር 40 ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ደብተርህ ላይ ጻፈው፤ የቀረው ሁሉ የሚመዘነው በእርሱ ነው።

2. የምታበርበትን አየር እወቅ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሯ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ለቆላና ለባሕር ዳር የተነደፈች አውሮፕላን እዚህ ላለመውደቅ ከአሥር በመቶ በላይ ፈጥና መብረር አለባት። ስታርፍም በዚያው ልክ ትፈጥናለች።

3. ስፋት ጨምር፤ መሐሉንም አጠንክር። ክንፉን በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ብታስረዝመው፣ የጨመርከው እንጨት ሳይቆጠር ሸክሙ ከ40 ወደ 35 ግራም ይወርዳል። የረዘመ ክንፍ ግን መሐሉ ላይ የበለጠ ይጎብጣል። ቅጥያውን በሙጫ ብቻ አታጣብቀው፤ ውስጡ ያለው ዋና ዘንግ ከአሮጌው ጋር ተደራርቦ ይታሰር።

4. ጫፉን በጥቂቱ ጠምዝዘው። ክንፍ ፍጥነት ሲያጣ አየሩ ከላዩ ይላቀቅና የማንሳት ኃይሉ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ስቶል የሚባለው ይህ ነው። ይህ ከጫፉ ከጀመረ አውሮፕላኗ በአንድ ጎኗ ወድቃ ትሽከረከራለች። መድኃኒቱ የጫፉን የኋላ ጠርዝ ሁለት ዲግሪ ያህል ማንሳት ነው፤ በ20 ሳንቲ ሜትር ወርድ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ክንፉን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ፣ በሁለቱም ጫፎች የኋላ ጠርዝ ሥር እኩል ውፍረት ያላቸው እንጨቶች ሸጉጥና ሙጫው እስኪደርቅ ጠብቅ። ግራና ቀኙ ካልተመሳሰለ ከመጀመሪያው ባትነካው ይሻል ነበር።

5. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። እኔ በወጣትነቴ ወደ ላይ ያዘነበሉትን ክንፎች አቃንቼ፣ ኤለሮን (አውሮፕላኗን ወደ ጎን የሚያዘነብል፣ በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ከፍና ዝቅ የሚል ክፍል) ጨምሬ፣ ባትሪውንም አዛውሬ በዚያው ቀን ለቀቅኳት። ከእጄ እንደወጣች አፍንጫዋን አቀናች፣ ወደ ግራ ተጋደመች፣ መሬት ላይ ተፈጠፈጠች። ከሁሉ ያስቆጨኝ ከሦስቱ የትኛው እንደጣላት እስከ ዛሬ አለማወቄ ነው። ራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1901 ተንሸራታቻቸው በጊዜው የታተሙት የክንፍ ስሌቶች እንዳሉት አልነሳ ሲላቸው፣ ነፋስ የሚነፍስበት ሳጥን ሠርተው ትንንሽ የክንፍ ቅርጾችን እየቀያየሩ ለኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሞተር በረሩ።

6. ኤለሮን ከጨመርክ ወደ ታች የሚሄደውን ቀንስ። ወደ ታች የወረደው ኤለሮን አየሩን የበለጠ ስለሚይዝ፣ ወደ ቀኝ ስታዘነብላት አፍንጫዋን ወደ ግራ ይጎትታል። ወደ ላይ 12 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ወደ ታች 6 ይበቃዋል።

7. ሚዛኗን በጣትህ ፈትሽ። ከክንፉ የፊት ጠርዝ 5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ገባ ብለህ ከሥሩ ምልክት አድርግና፣ በሁለት ሌባ ጣቶችህ እዚያው ላይ አንሳት። አፍንጫዋን በትንሹ ደፋ ካደረገች መልካም ነው። ጅራቷ ከወደቀ ባትሪውን ወደ ፊት ግፋ፤ ጅራቷ ከብዶ የተነሣችን አውሮፕላን ምንም ያህል የሠለጠነ እጅ በቀላሉ አይገዛትም።

8. ለመጀመሪያ በረራ ሣር ያለበት ሜዳና የረጋ ማለዳ ምረጥ። ፈቃድ ጠይቅ፤ ሕፃናትና ከብት ካሉበት ራቅ። መጀመሪያ ወደ ነፋሱ አዙረህ ልቀቃት። በቂ ከፍታ ከያዘች በኋላ ሞተሩን ቀንሰህ ስቶሏን እዚያው ላይ ፈትን፤ እንዴት እንደምትወድቅ ሳታውቅ ልታሳርፋት አትሞክር።

ልጄ፣ የተሰበረ ክንፍ በሙጫ ይጠገናል። ያልተጻፈ ልክ ግን ከነትምህርቱ ይጠፋል። እባክህ ከቢላዋው በፊት ደብተሩን አንሳ።