የቤት ስልክ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?

በዛሬው ትምህርታችን ትንሽ የሚመስል ነገር ግን ብዙዎቻችንን ስለሚነካ ጉዳይ እንነጋገራለን። ገንዘብ የምንልከው እኛ ስለሆንን የቤት ወጪ ሲቀነስም ሲጨመርም ቤተሰብ እኛን ያማክራል። አሁን አሁን ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ «ሁላችንም ሞባይል አለን፣ የቤቱን ስልክ እናስቆርጠው ወይ?» የሚል ነው። ከደሴ ከቤተሰቦቼ ይኸው ጥያቄ ስለመጣልኝ፣ ጠይቄና አስቤ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ አንድ ቤት ስልክ ካለ የሰፈሩ ሁሉ ስልክ ነበር። «ልጅሽ ከቤሩት ደውላለች፣ መልሳ ትደውላለች፣ ቶሎ ነይ!» እየተባለ በአጥር ይጠራሩ ነበር። ዛሬ ግን እኛም እነሱም የለመድነው በዋትስአፕና በኢሞ ፊት ለፊት እየተያዩ ማውራት ነው። ስለዚህ የቤቱ ስልክ ዳንቴል ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሒሳቡ ግን በየወሩ ይመጣል።

መጀመሪያ ልዩነቱን እንለይ። የቤት ስልክ የቤት ነው፣ ሞባይል ግን የሰው ነው። ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል፤ ሞባይሉ አብሮት ይወጣል። እህቴም ትምህርት ቤት ስትሄድ የሷን ይዛ ትሄዳለች። እናቴ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናት። እኔ ከሥራ የማርፈው እነሱ ቤት በሌሉበት ሰዓት ስለሆነ፣ ያለ ቤቱ ስልክ እናቴን የማገኛት ማታ፣ በሰው ስልክ፣ ሰው አጠገቧ ቆሞ ነው። ሰው አጠገቧ ሲቆም ደግሞ እናት ሁሉን አትናገርም። ብሩ ደርሶሽ ነበር ወይ? መድኃኒቱ ተገዛ ወይ? ሲባል «ሁሉ ደህና ነው ልጄ» ብቻ ነው መልሱ። ወንድሜን ለመክሰስ አይደለም፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ነገር ግን የቤት ወሬ ሁሉ በአንድ ሰው ስልክ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ፣ የምንሰማው እሱ ያየውንና ሊነግረን የፈለገውን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን እንይ። ባለ ገመዱ የድሮ ስልክ የሚሠራው ከቴሌው ጣቢያ በመዳቡ ሽቦ በሚመጣ 48 ቮልት ገደማ ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ የቤቱ መብራት ቢጠፋም ይደውላል። ገመድ የሌለው፣ ቻርጅ ማድረጊያ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት ግን መብራት ከሌለ ዝም ይላል። መስመሩ ወደ ፋይበር ከተለወጠም ቤት ውስጥ ያለችው ሳጥን መብራት ትፈልጋለች። እንግዲህ «የቤት ስልክ መብራት አይፈልግም» ብለን ከመተማመናችን በፊት ቤታችን ያለው የትኛው ዓይነት እንደሆነ እንጠይቅ።

ጣቢያውም ቢሆን ኃይል ይፈልጋል። እዚህ ሊባኖስ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ለአንዳንድ የቴሌ ጣቢያዎች ጄኔሬተር ናፍጣ አልቆ በቤሩት የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። በኛም አገር ደሴ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ በተያዘች ጊዜ የቤቱም ስልክ ሞባይሉም አብረው ዝም ብለው ነበር። ያን ወር የት እንዳሉ ሳናውቅ ያለቀስን እናውቀዋለን። የቤት ስልክ ከሁሉ ነገር ያድናል ብዬ አልዋሻችሁም።

ሦስተኛ፣ ነፃ ነው የምንለው ጥሪ በኢንተርኔት ላይ የቆመ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ዋትስአፕና ኢሞ ብቻ የለመደ ሰው ያኔ ተቸገረ፤ ቁጥር ይዞ በተራ ጥሪ የሚደውል ግን መስመር እስካለ ድረስ የሚደውልበት መንገድ ነበረው። በተቃራኒው የቤት ስልክ ላይ ዋትስአፕ አይደወልም። ወደ እሱ ለመደወል የውጭ አገር ጥሪ ሒሳብ መክፈል አለብን፣ እሱም ውድ ነው። ስለዚህ የቤት ስልክ ለሁልጊዜ ጨዋታ አይሆንም። ጥቅሙ ሌላው መንገድ ሲዘጋና እናትን ብቻዋን ማግኘት ስንፈልግ ነው።

ወደ እኛም ወደዚህ እንምጣ። አሠሪዎቻችን ቤትም የቤት ስልክ አለ። ለኛ ግን መተማመኛ አይሆንም፣ ስልኩ የማዳም ነው። ወደ ውጭ እንዳይደውል የተዘጋም ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2024 መስከረም ጦርነቱ ሲበረታ ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ዘግቶ ሸሽቷል። የቤት ስልክ ከቤቱ ጋር ይቀራል፤ አብሮን የሚወጣው በእጃችን ያለው ሞባይል ነው። ስለዚህ ለኛ ለዚህኛው ወገን ሞባይል ይበልጣል። ነገር ግን ሞባይል ይወሰዳል፣ ይሰበራል፣ ቻርጅ ይጨርሳል። ሞባይሏ ጠፍቶባት አንድም የአገር ቤት ቁጥር በቃሏ የማታውቅ ስንት እህት አለች! ቁጥሩ ሁሉ ስልኩ ውስጥ ነበር።

እንግዲህ ቤተሰብ «እናስቆርጥ ወይ?» ሲል ከመመለሳችን በፊት የሚከተሉትን እንጠይቅ።

1. ቀን ቤት የሚውል ማን ነው? አዛውንት፣ ሕመምተኛ ወይም ስማርት ስልክ መንካት የማይችል ሰው ካለ የቤቱ ስልክ ጥቅም አለው። ሁሉም ውሎው ውጭ ከሆነ ግን የሚጮኸው ለባዶ ቤት ነው።

2. ስልኩ በእርግጥ ይሠራል? መንገድ ሲቆፈር ገመዱ ተበጥሶ ወራት የቆየ፣ ሒሳቡ ግን የሚከፈልበት ይኖራል። ዛሬውኑ ደውላችሁ ሞክሩ።

3. ኢንተርኔት በዚያው መስመር ይገባል ወይ? የቤቱ ዋይፋይ በስልኩ መስመር የሚመጣ ከሆነ ስልኩን ማስቆረጥ ዋይፋዩንም ማስቆረጥ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ቴሌ ይጠየቅ።

4. በማን ስም ነው? በሟች አባት ስም ከሆነ ስሙን ለማዛወር ሰነድ ያስፈልጋል። ይቆረጥ ከተባለም ቢሮ ሄዶ በሥርዓት ይዘጋ። ዝም ብሎ መክፈል ማቆም ዕዳ ያስከትላል።

5. ቢቆረጥ በምትኩ ምን አለ? ሞባይል ብቻ የሚቀር ከሆነ፣ ቢያንስ አንዱ ከቤት የማይወጣ ይሁን። ባለ በተኗ ትንሽ ስልክ ዋጋዋ ዝቅተኛ ነው፣ ቻርጇም ብዙ ቀን ይቆያል። ሲም ካርዱ በእናት ስም ይውጣ። አልፎ አልፎም ካርድ ይሞላበት፤ ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተወስዶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል።

እኛ ቤት የወሰንነው እንዲህ ነው። መስመራችን ይሠራል፣ ቀፎውም ባለ ገመዱ ነው፣ እናቴም ድምፁን ታውቀዋለች። ስለዚህ እሷ በዚያ ቤት እስካለች ድረስ ይቆይ አልን። ሒሳቡን ወንድሜ በቴሌብር ይከፍላል፣ እኔም ከምልከው ላይ ለብቻ አስቤ እልካለሁ። አንድ ነገር ጨመርን፦ የጎረቤታችንን የእትዬን ቁጥር ያዝኩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል አይደል የሚባለው! የናንተ ቤት መልስ የተለየ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ወጣቶች ሆነው የቤቱ ስልክ ከሁለት ዓመት በፊት የሞተ ከሆነ፣ ያንን ብር ለእህታችሁ ደብተር ብታደርጉት ይሻላል።

ዋናው ግን ይህ ነው፤ ስልኩ የቤትም ይሁን የእጅ፣ ቤት ያለውን ሰው የሚያገኝ አንድ ቁጥር በቃላችን እንያዝ። ከውጭ ስንደውል 00 ብለን፣ የአገራችንን 251 ጨምረን፣ የአካባቢውን ኮድ ያለ መጀመሪያው ዜሮ እንመታለን። የደሴ 033 የነበረው 00 251 33 ይሆናል፣ የአዲስ አበባው 011 ደግሞ 00 251 11። ሞባይልም እንዲሁ ነው፣ 09 የሚለው 00 251 9 ይሆናል። ያረጀ ደብተር ላይ ኮዱ ሁለት አሃዝ፣ ቁጥሩ ስድስት አሃዝ ሆኖ ካገኛችሁት፣ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተለወጠው በፊት የነበረ ነውና አዲሱን ጠይቁ። እዚህ ሊባኖስ ደግሞ 112 ፖሊስ፣ 140 ቀይ መስቀል መሆኑን አትርሱ።

የቤት ሥራ፦ በሚቀጥለው እሑድ ስንገናኝ ሞባይላችንን ቦርሳ ውስጥ አድርገን፣ እያንዳንዳችን የአገር ቤት ቁጥራችንን አጠገባችን ላለችው እህት በቃላችን እንንገራት። ያልቻለች አትፈር፣ ወረቀት ላይ ጽፋ ልብሷ ውስጥ ትስፋውና እስከ ሌላው እሑድ ታጥናው። ፊደል የማትለይ እህት ካለች የምታውቀው ታስጠናት።

ሰላም ሁኑ።

እህታችሁ