የመንደር ፕላን በይግባኝ ሚዛን ላይ

በእንግሊዝ አገር ያለች አንዲት የገጠር መንደር እናስብ። አንድ የቤት አልሚ ከመንደሯ ዳር ባለው መስክ ላይ 60 ቤቶች ለመሥራት ፈቃድ ይጠይቃል። ካውንስሉ (የወረዳው ምክር ቤት) ይከለክለዋል፤ አልሚው ይግባኝ ይላል። ይግባኙን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ዳኛ ሳይሆን በመንግሥት የተሾመ ኢንስፔክተር (የፕላን መርማሪ) ነው። ነዋሪዎቹ «እኛ እኮ የራሳችን ፕላን አለን» ቢሉት ይሰማቸዋል? እስቲ ቀስ ብለን እንመልከት።

የመንደር ፕላን የመጣው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የሎካሊዝም አዋጅ (ሥልጣንን ወደ ነዋሪው የሚያወርድ ሕግ) ነው። ነዋሪዎች ያረቅቁታል፣ ገለልተኛ ሰው ይመረምረዋል፣ በመጨረሻም በሕዝበ ውሳኔ ከግማሽ በላይ ድምፅ ካገኘ ይጸናል። ከጸና በኋላ የምኞት ወረቀት አይደለም። የ2004ቱ የፕላን ሕግ ውሳኔዎች የጸደቀውን ፕላን እንዲከተሉ ያዛል፤ በቂ ሌላ ምክንያት ካልተገኘ በቀር። «በቀር» ትንሽ ቃል ናት፤ የጠበቆች እንጀራ ግን ያለው እሷ ላይ ነው።

ዋናው «በቀር» የቤት እጥረት ነው። እያንዳንዱ ካውንስል ለ5 ዓመት የሚበቃ የቤት መሥሪያ መሬት እንዳለው ማሳየት ይጠበቅበታል። ካላሳየ ሚዛኑ ወደ አልሚው ያዘነብላል፦ የግንባታው ጉዳት ከጥቅሙ በግልጽና እጅግ ካልበለጠ ፈቃድ ይሰጣል። እዚህ ላይ መንደርተኛው ቢቆጣ አይፈረድበትም። መሬት ያላዘጋጀው ካውንስሉ ሆኖ ሳለ፣ ጦሱ ፕላኑን በትጋት ለሠራችው መንደር ይተርፋል።

ስለዚህ የመንግሥት የፕላን መመሪያ ለመንደር ፕላን መከለያ አበጀለት። ሚዛኑ ባዘነበለበትም ጊዜ እንኳ፣ ከፕላኑ ጋር የሚጋጭ ግንባታ የሚያደርሰው ጉዳት ከጥቅሙ ሳያመዝን አይቀርም ተብሎ ይታያል። መከለያው ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ዕድሜ ነው፤ ፕላኑ ከጸና ከ5 ዓመት ያልበለጠው መሆን አለበት። እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ ገደቡ 2 ዓመት ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ይከብዳል። ፕላኑ ራሱ መንደሯ የሚያስፈልጋትን ያህል ቤት የሚሠራበትን ቦታ ለይቶ መመደብ አለበት። ለምን? መከለያው እንዲሁ ቢሰጥ ኖሮ፣ እያንዳንዱ መንደር «እዚህ አትሥሩ» የሚል ወረቀት አጽድቆ በሩን ይዘጋ ነበር፤ ቤት ያጣው ወጣት የት ይሂድ? ስለዚህ «እዚህ ሥሩ» ብላ ቦታ የሰጠች መንደር፣ «እዚያ ግን አይሆንም» ስትል ቃሏ ክብደት ያገኛል። በእኔ አስተያየት የመመሪያው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዕድሜው ያለፈ ፕላንስ ይጣላል? አይጣልም። ኢንስፔክተሩ አሁንም ይመዝነዋል፤ ያ ልዩ መከለያ ግን ይቀርበታል። ደግሞ ልብ በሉ፦ ዕድሜው የሚቆጠረው ማመልከቻው እስከገባበት ቀን ሳይሆን ውሳኔው እስከሚሰጥበት ቀን ነው። ክርክሩ ሲጀመር 4 ዓመት ከ10 ወር የነበረው ፕላን፣ ኢንስፔክተሩ ብዕሩን በሚያነሳበት ቀን 5 ዓመት አልፎት ሊገኝ ይችላል።