ብርሃን እንዴት ያሳየናል?

በድሬዳዋ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ ሳይነጋ ይነሳል። ፀሐይ ከበረታች ሙቀቱ አያሠራማ! ጎህ ሲቀድ መጀመሪያ የተራራው ጫፍ ይታያል። ቀጥሎ የማሽላው ማሳ፣ ከዚያም ከብቶቹ አንድ በአንድ እየተለዩ ይመጣሉ። ከብቶቹ ግን ሌሊቱን ሙሉ እዚያው በረት ውስጥ ነበሩ። ታዲያ ለምን አላየናቸውም? ብርሃን ስላልነበረ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ብርሃን ሲመጣ እንዴት አድርጎ ነው የሚያሳየን?

ለማየት ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ብርሃን ነው። ሁለተኛው ብርሃኑ የሚያርፍበት ነገር ነው። ሦስተኛው ጤናማ ዓይን ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ማየት የለም። እያንዳንዱን በተራ እንመልከት።

1. ብርሃን

ፀሐይ፣ እሳት፣ ኩራዝና አምፑል በራሳቸው ያበራሉ። ጨረቃ ግን የራሷ ብርሃን የላትም። የፀሐይን ብርሃን ተቀብላ ወደ እኛ ትመልሳለች።

ብርሃን በጣም ፈጣን ነው። በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስለዚህ ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል ይወስድበታል። መብረቅ ሲወርድ ብልጭታው ቀድሞ የሚታየው፣ ነጎድጓዱ ኋላ የሚሰማውም ብርሃን ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው።

በጥንት ዘመን ብዙ ሊቃውንት “ዓይን የራሱን ብርሃን አውጥቶ ነገሩን ይነካል” ይሉ ነበር። ከ1,000 ዓመት በፊት ገደማ በባስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረ ኢብን አል ሃይሰም የተባለ ሊቅ ይህ ስሕተት መሆኑን አስረዳ። የምናየው ብርሃን ከነገሩ ተነስቶ ወደ ዓይናችን ሲገባ ነው። ብርሃንም የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው።

እናንተም በቤታችሁ ሞክሩት። ፀሐይ ደምቃ ሳለች በርና መስኮት ዝጉ። ጣት የማያስገባ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ይቅር። በቀዳዳው ትይዩ ነጭ ወረቀት ያዙ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ታገሡ። በደጅ በፀሐይ ላይ የሚያልፈው ሰው ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ይታያል! ለምን ቢሉ፣ ከራሱ የመጣው ብርሃን ቀዳዳውን ቀጥ ብሎ አልፎ ከታች ያርፋል፤ ከእግሩ የመጣውም ከላይ ያርፋል።

በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ከዛፎቹ ጥላ ሥር የቆመ ሰው መሬቱን ይመልከት። ክብ ክብ የብርሃን ነጠብጣብ ያያል። በቅጠሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ክብ አይደለም፤ ነጠብጣቡ ግን ክብ ነው። ያ የፀሐይዋ ምስል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ ሆኖ፣ በላሊበላ አካባቢ ፀሐይ እንደ ቀለበት ታይታለች። በግርዶሽ ጊዜ ከዛፍ ሥር ያሉት ነጠብጣቦች ማጭድ ይመስላሉ። እነሱን ማየት አይጎዳም። ፀሐይዋን ራሷን በባዶ ዓይን ትክ ብሎ ማየት ግን ሕመም ሳያሰማ ዓይንን ያጠፋል። ጥላሸት የተቀባ መስታወትም አያድንም።

2. ብርሃን የሚያርፍበት ነገር

ነጭ የሚመስለን የፀሐይ ብርሃን በውስጡ ብዙ ቀለም አለው። ሲያካፋ ፀሐይን በጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። የዝናቡ ጠብታዎች ብርሃኑን ለያይተው ቀስተ ደመና ያሳዩአችኋል። በርበሬ ቀይ የሚመስለን ሌላውን ቀለም ውጦ ቀዩን ወደ ዓይናችን ስለሚመልስ ነው።

ሰው የቀለምን ነገር ያወቀው ዛሬ አይደለም። ከድሬዳዋ በስተደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ከዚያ ዋሻ ተመራማሪዎች 40 ኪሎ ግራም ያህል ባለ ቀለም ድንጋይ ቆፍረው አውጥተዋል። የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ የነበሩ ሰዎች ድንጋዩን እየፈጩ ቀለም ያወጡ ነበር። ራቅ ብሎ ደግሞ ለገ ኦዳ በሚባለው ቦታ በአለት ላይ የተሣሉ ከብቶች፣ ሰዎችና የዱር አራዊት አሉ። የሣሉት ሰዎች በፊደል ጽፈው የተዉልን ነገር የለም። ዓይናቸው ያየውን ግን በቀለም አቆዩልን። እኛም ከሥዕሉ አጠገብ እሳት ባለማንደድና ባለመፋቅ ለልጆቻችን እናቆይ።

3. ዓይን

ብርሃን ሞልቶ ዓይን ካልተቀበለው ምን ይጠቅማል? ቀን ሲቦርቅ የዋለ ልጅ፣ ሲመሽ ጥግ ይዞ ቢቀመጥ፣ ሳህኑን ቢዳብስ፣ ደጃፉ ላይ ቢደናቀፍ፣ “ፈዛዛ ነው” ብላችሁ አትቆጡት። ይህ ዳፍንት ሊሆን ይችላል። ዓይን ደብዛዛ ብርሃንን ለመቀበል ቪታሚን ኤ የሚባል ነገር ያስፈልገዋል። እሱ ከምግብ ሲጎድል ዳፍንት ይመጣል። ቸል ከተባለ ዓይኑ ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። የጠፋ ዓይን አይመለስም። ዳፍንት ግን ቶሎ ከታከመ ይድናል።

ስለዚህ ልጁን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠውንም ቪታሚን ኤ አስወስዱ። ጉበት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎና ፓፓያ ይህ ቪታሚን ይገኝባቸዋል። ማንጎውንና ፓፓያውን ለቀፊራ ገበያ ስትጭኑ ሁሉንም አትሽጡ። ለልጆቻችሁም አስቀሩ።

ጎህ ለሁሉም እኩል ይቀዳል። ልጆቻችን እንዲያዩት ዓይናቸውን መጠበቅ የእኛ ሥራ ነው።

ጥያቄዎች

1. ለማየት የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ምን ምን ናቸው?
2. በቀዳዳ በገባው ብርሃን ሰውየው ተገልብጦ የታየው ለምንድን ነው?
3. በርበሬ ቀይ የሚመስለን ለምንድን ነው?
4. ልጅ ዳፍንት እንደያዘው በምን ይታወቃል? ምን ማድረግ ይገባል? ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩበት።